ጎመን በኩንታል አይለካም፦ «ጣራ ላይ እርሻ ለደሴ አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። ርዕሱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል። ስለ ጣራ ላይ እርሻ ነው። ጸሐፊው ደሴን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ያሉት ሁሉ ስህተት ነው አልልም። መደምደሚያቸው ግን ልክ አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ጽሑፉን ካነበበች በኋላ «በቃ አይሆንም ተብሏል» ብላ የገዛችውን ችግኝ ለሰው ስትሰጥ አይቻለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ደሴ የቆርቆሮ ከተማ ናት፣ የሚተከልበት ጣራ የላትም። ያለውም ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣራ፣ አፈር አይችልም። ውሃ ለሰውም አልበቃ። ብርዱና በረዶው አያስበቅልም። ቢበቅልም ከቁጥር አይገባም፣ ከተማ አይቀልብም። በከተማዋ ዙሪያ ያለውን የገራዶንና የኩታበርን ገበሬ ገበያ ይሻማል። በዚያ ላይ ነገሩ የኒው ዮርክና የሲንጋፖር ቅንጦት ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ የፎቶና የሪፖርት ዘመቻ ይሆናል።

እኔ ደሴ ሮቢት ሰፈር፣ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቤቱ ውስጥ ተከራዮችም አሉ። ጣራችን ላይ ስምንት ጆንያ ተደርድሯል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ዳር ዳሩን በቆርቆሮ ጣሳ ጤና አዳምና በሶብላ ይዘናል። ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የምመልሰው ከዚያ ተነስቼ ነው።

«ደሴ የቆርቆሮ ከተማ ናት»

እውነት ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ቆርቆሮ ነው። ገሚሱ የዛገ፣ ገሚሱ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ። ተዳፋት ቆርቆሮ ላይ ጎመን ይተከል ያለ ሰው ግን አላውቅም። ወሬው ያለው ከቆርቆሮው መሀል ብቅ ብቅ ስላሉት ፎቆች ነው። ብዙዎቹ ገና አላለቁም። ፌሮው ወደ ላይ እንደቆመ ቀጣዩን ፎቅ ይጠብቃል። ባለቤቱ ብር እስኪያገኝ አምስት ዓመትም አሥር ዓመትም ይቆያል። እስከዚያ ያ ሜዳ ምን ይሠራል? አንድ ሮቶ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የተረፈ ብሎኬት። ፀሐይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያገኘዋል። ታች ግቢ ውስጥ በአጥርና በጎረቤት ግድግዳ የተጋረደ ቦታ ያንን ፀሐይ አያገኝም። ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለቆመብን ከሰዓት ፀሐይዋ ቶሎ የምትሰወርበት ሰፈር የሚኖር ሰው የምለው ይገባዋል።

ቆርቆሮውም ቢሆን ሥራ አያጣም። ውሃው ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

«ሶሌታው አይችልም»

ከነጥቦቻቸው ሁሉ ይሄኛው ቁም ነገር አለው። ማንንም ሳይጠይቅ አፈር ጣራ ላይ የሚያወጣ ሰው አለ። አደገኛ ነው። ጸሐፊው «አርባ ካሬ ጣራ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር አፈር ብታለብሱ ቤቱ ራሳችሁ ላይ ይመጣል» ብለዋል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አርባ ካሬ በሃያ ሳንቲ ስምንት ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃ የጠገበ አፈር አንዱ ሜትር ኩብ ከ1.6 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ ከ13 እስከ 16 ቶን ልንጭን ነው። ከሁለት ኢሱዙ ሙሉ ጭነት በላይ ማለት ነው። በካሬ ሲከፈል ከ320 እስከ 400 ኪሎ ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ሲሠራ ከራሱ ክብደት ሌላ እንዲሸከም የሚታሰበው ደግሞ በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እንዲህ ማድረግ የለበትም፤ ማንም።

ግን ማን አልብሱት አለ? እኛ አፈር ጣራ ላይ አልደፋንም። ጆንያ ነው ያቆምነው። አንድ የማዳበሪያ ጆንያ በኮምፖስትና በአፈር ተሞልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ቢበዛ 100 ኪሎ ይመጣል። ስምንቱ 800 ኪሎ። አሁን አጠገቡ የተቀመጠውን ሮቶ እንየው። 2,000 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሲሞላ 2 ቶን ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከስምንቱ ጆንያ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ደሴ ውስጥ ሮቶ ያልተሸከመ ፎቅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ሮቶው ግን «ቤቱ ራሳችሁ ላይ ይመጣል» ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም።

ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ሶሌታም እንደዚያ ነው። እኛ ከመጀመራችን በፊት ሰፈራችን ያለ አንድ ፎርማን ጠርተን ነበር። ወጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። ታች ወርዶ ግድግዳዎቹን ቆጠረ። ተመልሶ መጣና ቢሙ፣ ሶሌታውን ከሥር የሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ፣ የሚያልፍበትን በጠመኔ አሰመረልን። «ከዚህ መስመር አትውጡ» አለን። «መሀል ሜዳው ላይ አታድርጉ። ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የወጣው በረንዳ ላይማ ጭራሽ እንዳትነኩ።» ጠመኔው ከጠፋ ቆይቷል። ጆንያዎቹ ግን ዛሬም እዚያው መስመር ላይ ናቸው። ቤቱ ያለ መሐንዲስ የተሠራ ከሆነ ወይም ስንጥቅ ካለው አያድርጉት። ለዚያ ቤት የጸሐፊው ምክር ይበልጣል።

እንዲያውም እሳቸው ያላነሱት፣ እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር አለ፤ እርጥበት። በመጀመሪያው ዓመት ጆንያዎቹን ወለሉ ላይ እንዳለ አስቀመጥናቸው። ነሐሴ ላይ ከጣራው ሥር ባለው ክፍል የምትኖረው ተከራያችን ጠራችኝ። «ና እስኪ ይሄን እይልኝ» አለች። ከልጆቿ አልጋ በላይ፣ ኮርኒስ በሌለው ሶሌታ ላይ፣ ምጣድ የሚያህል ጥቁር እርጥበት ወጥቷል። በጣም አፈርኩ፤ ደነገጥኩም። ሶሌታ ውስጥ የሚገባ ውሃ ፌሮውን ያዝገዋል። የዛገ ፌሮ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ያን ሳምንት ሁሉንም አነሳን። ወለሉን ውሃ በማያሳልፍ ልስን አስለሰንነው፣ ወደ መውረጃው ተዳፋት እንዲኖረው አደረግን። ጆንያዎቹን በብሎኬትና በጣውላ ከመሬት ከፍ አድርገን መልሰን አቆምን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ እርጥበቱ ተመልሶ አልመጣም። ሊጀምር ለሚያስብ ሰው የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ከችግኙ በፊት ወለሉን።

«ውሃ ለሰውም አልበቃ»

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ፈረቃውም ይዘላል። ስለዚህ ጸሐፊው «ሰው ጀሪካን ተሸክሞ እየዞረ እናንተ ጎመን ታጠጣላችሁ?» ሲሉ ንዴታቸው ይገባኛል። የቧንቧ ውሃ ጎመን ላይ የሚያፈስ ሰው ካለ እኔም እናደድበታለሁ።

ግን ደሴ ውሃ ያነሳት ከሰማይ አይደለም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ከጓሯችን ሰርቪስ ቤት አለ፣ ክዳኑ ሠላሳ ካሬ ቆርቆሮ ነው። ያ ቆርቆሮ ብቻውን በዓመት 30,000 ሊትር ይቀበላል። 1,500 ጀሪካን ማለት ነው። ይሄ ሁሉ የት ይሄድ ነበር? በአሸንዳው ወርዶ፣ ግቢውን አጥለቅልቆ፣ ዳገቱን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ። መንገድ ላይ አፈር ይዞ ይሄዳል፣ የታችኛውን ሰው አጥር ይገፋል። ደሴ በመሬት መንሸራተት የምትቸገር ከተማ ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ወዴት ይዞር ይሆን ብለን የምንሰጋ ሰዎች፣ ከጎርፉ ጥቂቱን ጣራችን ሥር ብናስቀረው ማን ይከፋዋል?

አሸንዳውን በቱቦ አያይዘን ሁለተኛ ሮቶ ውስጥ አስገባነው። እሱ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዝናቦች እናፈሳቸዋለን፤ የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ ይታጠብ ብለን። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሞላል። በክረምት ጎመኑ ራሱ ከሰማይ ስለሚጠጣ አንነካውም። መስከረም ሲያልቅ መቅዳት እንጀምራለን። ለአንድ ጆንያ በቀን 3 ሊትር ይበቃዋል። ለስምንቱ 24 ሊትር፣ አንድ ጀሪካንና ትንሽ ጭማሪ። 2,000 ሊትሩ 83 ቀን ይወስደናል። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ያደርሰናል።

ከዚያስ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ጥርና የካቲት ከባድ ናቸው። በልግ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል። በእነዚያ ወራት ወደ ሦስት ጆንያ እንወርዳለን። ለሦስቱ የሚያስፈልገው 9 ሊትር ከማጀት ይወጣል። አትክልት የታጠበበት፣ ሩዝ የተለቀለቀበት፣ ድንች የተቀቀለበት ውሃ ሲቀዘቅዝ። ሳሙና የነካው አይገባም። ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስተን አፈሩ ውስጥ ገልብጠን እንተክላለን፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ብቻ ያጠጣል። ሮቶ መግዛት ላልቻለ 200 ሊትር በርሜል ለሁለት ጆንያ አንድ ወር ይበቃል። ትንሽ ነው። ግን ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ አልተነካም።

«ብርዱና በረዶው አያስበቅልም»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ቲማቲም ሞክረን ውርጭ መታብን፣ ደግመን አልሞከርንም። ቲማቲም የምንበላው ከገበያ ነው። ግን ጸሐፊው ቲማቲም አልሆነም ብለው ጎመንንም አብረው ቀበሩት። ጎመን ብርድ ይወዳል። ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል። እናቴ ይሄን ሳይንስ ብላ አታውቀውም፤ «የታኅሣሥ ጎመን ቅቤ አያስፈልገውም» ትላለች እንጂ። ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣም የደጋ ናቸው።

በረዶው ነው የሚያስቸግረው። አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰላጣውን ወንፊት አድርጎታል። አሁን ደመናው ሲጠቁር ያረጀ የመስኮት መጋረጃ በአራት እንጨት ላይ እንወጥራለን። ከሚወድመው የሚተርፈው ይበልጣል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ናችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የወረዳችሁት፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። ቲማቲሙም ቃሪያውም ጣራዋ ላይ ይሆንላታል። የሷ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ግንቦት ላይ ሶሌታው እንደ ምጣድ ይግላል። ጆንያዎቹን በጣውላ ከፍ ያደረገችው ከሥር አየር እንዲያልፍ ብላ ነው። ጠዋት ታጠጣለች፣ ማታ ትደግማለች። «ከተማችን አይሆንም» ብሎ ለደሴም ለኮምቦልቻም አንድ ፍርድ መስጠት ለዚህ ነው የማይሠራው።

«ከተማ አይቀልብም»

ጸሐፊው ይሄን ሦስት ጊዜ ደጋግመውታል። «ስንት ኩንታል ታመርታላችሁ?» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ አንድም። ጤፍ አይበቅልበትም። ስንዴ አይበቅልበትም። ደሴ በጣራ ጎመን አትቀለብም፣ ተቀለበች ያለም የለም።

ኩንታል የእህል መለኪያ ነው። የጓሮ ጎመንን በኩንታል የለካ ሰው አላውቅም። እናቴ የምትለካው በድስት ነው። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሳፋዋን ይዛ ትወጣለች። ከእያንዳንዱ እግር የታችኛውን ሁለት ሦስት ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ እምብርቱን አትነካም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ላይ ሌላ ቅጠል ይጠብቃታል። ሳፋዋ ሲሞላ ለስድስት ሰው የጾም ወጥ ሆነ ማለት ነው። ከቀንጥሳ ድስቱ ውስጥ እስክትጨምር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ገበያ ላይ አንዱን እስር ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ዋጋ እያሉን ስንገዛ፣ በጾም ወቅት ሳምንት ሙሉ ጎመን ሳናይ የከረምንበት ጊዜ ነበር። አሁን ቢያንስ ቅጠል አይጠፋም። ረመዳን ሲገባ ታች ያለችው ተከራያችን ለማፍጠሪያ የምትፈልገውን ሰላጣ ራሷ ወጥታ ትቆርጣለች። አትጠይቀንም፣ እኛም አንጠብቃትም።

አንድ ጆንያ እንዴት ይህን ያህል እንደሚሰጥ ላልገባው ላሳይ። ማዳበሪያ ጆንያውን አፉን ጠቅልለህ ታቆማለህ። መሀሉ ላይ ከላይም ከታችም የተከፈተ ትልቅ የዘይት ጣሳ ታስቀምጣለህ። ጣሳው ውስጥ ጠጠር፣ ዙሪያውን አፈርና ኮምፖስት ትሞላለህ። ከዚያ ጣሳውን ቀስ አድርገህ ወደ ላይ ትስበዋለህ፤ ጠጠሩ እዚያው ይቀራል። እንደገና ትሞላለህ፣ እንደገና ትስባለህ። አፉ ላይ ስትደርስ ጆንያው መሀል የጠጠር ምሰሶ ቆሟል። ውሃ ከላይ ስታፈስ በዚያ ምሰሶ እስከ ታች ይደርሳል። ከዚያ ጎኑን በቢላ እየቀደድህ ችግኝ ትሰካለህ። ከላይ አራት አምስት፣ በጎን ሃያ ያህል። ግማሽ ካሬ የማይሞላ ቦታ ሃያ አምስት እግር ያዘ። የጠጠሩን ምሰሶ ጠንከር አድርገህ ካልሠራህ ግን የላዩ ጎመን ይፋፋል፣ የታቹ ይጠወልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጆንያዎቻችን እንደዚያ ነበሩ።

ኮምፖስቱ ከራሳችን ማጀት ነው። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠል። ከዚያ ላይ ትንሽ ፍግ። የጫት ገረባ ሰፈራችን ሞልቷል፤ ምን ተረጭቶበት እንደመጣ ስለማላውቅ አልጨምርም። ድሮ በሁለት ቀን የሚሞላው የቆሻሻ ጆንያችን አሁን ሳምንት ይቆያል። ይሄም በኩንታል ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

«የገበሬውን ገበያ ይሻማል»

ይሄ ስጋት ከመልካም ልብ የመጣ ነው። ግን ያለውን አያይም። ጎመን ችግኝ ያመጣችልኝ መንገድ ዳር ጉሊት የምትሸጠው እናት ናት። ፍጉን የገዛነው ከገራዶ በአህያ ጭኖ ከሚመጣ ገበሬ ነው። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ዛሬም ከሰኞ ገበያ ነው የሚመጣው። ስምንት ጆንያ ያለው ቤት ከገበያ አይቀርም። በዚህ ነጥብ ላይ ከዚህ የበለጠ መሄድ አያስፈልገኝም።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው»

ጸሐፊው የኒው ዮርክን ስም አንስተዋል። እዚያ ብሩክሊን ግሬንጅ የሚባል የጣራ እርሻ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ትላልቅ የፋብሪካ ሕንፃዎች ጣራ ላይ ነው፣ ብዙ ገንዘብም ፈሶበታል። እሱን ከእኛ ጋር ማወዳደር አይገባም፣ እውነት ነው። ግን የጆንያው ዘዴ ከኒው ዮርክ አልመጣም። ናይሮቢ ያለውን የድሆች ሰፈር ኪቤራን ይመልከቱ። በ2008 እ.ኤ.አ. ከምርጫው ብጥብጥ በኋላ የዚያ ሰፈር ሰዎች በር በራቸው ላይ ጆንያ እያቆሙ ሱኩማ ዊኪ ተከሉ። ሱኩማ ዊኪ የኛው ጎመን ዘመድ ነው። ኪቤራን ሀብታም ያለ ሰው አልሰማሁም። ኩባም ሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ ከውጭ የሚገባው ምግብና ነዳጅ ቀረባት። የሃቫና ሰዎች ያገኙት ባዶ ቦታ ሁሉ ላይ ተከሉ። ሁለቱም ጋ የነበረው ጭንቀት ነው። ቅንጦት የት አለበት?

ሩቅ መሄድስ ለምን አስፈለገ? 2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ የነበረ ሰው ያስታውሳል። ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ ከአንድ ወር በላይ ቆየች። መኪና አይገባም። ባንክ ዝግ ነው፣ ብር ያለውም ብሩ አይገኝም። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ የለም፣ የሚሸጥም የለም። ያኔ ከአጥራችን ሥር አንድ ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው መደብ ነበረን። እናቴ ጎመን ተክላበት ነበር፤ ለራሷ፣ እንዲሁ ደስ ስለሚላት። በዚያ ወር አራት ቤተሰብ ከዚያ መደብ በላ። በየማለዳው አንዷ ጎረቤት መጥታ በር ታንኳኳለች። እናቴ ትቀነጥስና በነጠላዋ ሸፍና ትሰጣታለች። ቅጠሉ ሲያልቅ ግንዱን ልጣ ቀቀለችው። ከቤታችን ሽሮ ነበረ፣ ከነሱ ቤት ትንሽ ዱቄት። ጎመኑ ከሽሮው ጋር ሲሆን ልጆቹ ጠግበው ያድሩ ነበር። ያን መደብ በኩንታል ለካው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

በኋላ ሰርቪስ ቤቱ ሲሠራ መደቡ በሲሚንቶ ተሸፈነ። ክራዩ ያስፈልገን ነበር፣ አልተቆጨንም። እናቴ ግን ሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ትቆም ነበር። ጆንያ ጣራ ላይ የወጣው በሷ ምክንያት ነው። መሬት ከሥራችን ሲጠፋ ወደ ላይ ወጣን። ደሴ ውስጥ ጓሮ እየጠበበ እንጂ እየሰፋ አይደለም። ጸሐፊው «መሬት ሞልቶ ጣራ ምን አስወጣን?» ሲሉ የማን መሬት ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ገራዶ ያለው መሬት የገራዶ ሰው ነው። ሮቢት ያለች ተከራይ ያላት አንድ ክፍልና አንድ ደረጃ ነው።

«የፎቶ ዘመቻ ነው»

እዚህ ላይ እስማማለሁ ለማለት ምንም አልሳሳም። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት የምግብ ዘመቻ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቦታው ጥሩ ሥራ አይቻለሁ፤ ለአንድ ቀን ፎቶ ብቻ የቆመ መደብም አይቻለሁ። ችግኝ ታድሎ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያልታሰበበት። ሶሌታው ሳይታይ አፈር የወጣበት። ጸሐፊው ይህን ቢያጋልጡ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ዘመቻው ተበላሸ ማለት ጎመኑ ተበላሸ ማለት አይደለም። እኛ ማንም አልዘመተብንም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ሲጽፉ «አይሆንም» ከሚሉ «በምን ሁኔታ ይሆናል፣ በምን ሁኔታ አይሆንም» ብለው ይጻፉልን። ከተማዋን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የትኛው ሰፈር ያለው ፎቅ በምን ዓይነት መሠረት እንደቆመ፣ የትኛው ዳገት ጎርፍ እንደሚበዛበት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እሱን ቢጽፉልን ችግኟን ለሰው የሰጠችው ጎረቤታችን ትጠቀምበታለች።

እሷን ትናንት አግኝቻታለሁ። ፎርማኑን ለቅዳሜ ጠርተንላታል። ጠመኔውን እኔ እይዛለሁ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አሸንዳዋ መጽዳት አለበት፣ ሁለት ቦታ ተበስቷል። እናቴ ደግሞ ለሁለት ጆንያ የሚበቃ ሃምሳ እግር ችግኝ ለይታ አስቀምጣላታለች።